ብሌን መልቀቂያ የጠየቀች ጊዜ

አገር መቀየር ቤት እንደ መቀየር አይደለም የሚሉን ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ቀይረው የማያውቁ ናቸው። ቤት የቀየረ ሰው ያውቀዋል፤ ሶፋው በአዲሱ በር አልገባም ይላል፣ የአሮጌው ቤት ቁልፍ ደግሞ ከኪስ አልወጣም ይላል። አገርም ሲቀየር እንደዚያው ነው። ልዩነቱ፣ አልገባ የሚለው ሶፋ እናንተው ራሳችሁ መሆናችሁ ነው።

ጄኔቫ የምንኖር አበሾች በዚህ ጉዳይ ሊቃውንት ነን። ሁለት ሆነን ከተቀመጥን ማን ምን ወረቀት እንዳገኘ፣ ማን ስንት ዓመት እንደጠበቀ እንጨዋወታለን። ወረቀቱ የዘገየበት ሰው በመካከላችን እንደ ጀግና ይከበራል፤ ቶሎ ያገኘውን ግን በጎሪጥ እናየዋለን። አገር በልመናና በትዕግሥት የሚገኝ እንጂ፣ ማንም ጠርቶ የሚሰጠው ነገር መስሎን አያውቅም። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። የክርስትና ልጄ ብሌን ክው እስክታደርገኝ ድረስ።

ብሌን የአበልጄ የመኮንን ልጅ ናት። ሻትሌን በሚባለው የጄኔቫ ሰፈር አንድ ሕንጻ ላይ ነው የምንኖረው፤ እሱ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ አምስተኛ። ሠላሳ ዓመት ያህል አውቀዋለሁ፤ ማለት አውቀዋለሁ ብዬ አምን ነበር። ትራም ነጂ ነበር፤ በቅርቡ ጡረታ ወጣ። ንግግሩ እንደ ትራሙ ነው፤ ከተሰመረለት ሐዲድ አይወጣም። ለዜግነት ፈተናው ሲዘጋጅ የሐይቆቹንና የካንቶኖቹን፣ ማለት የክፍላተ ሀገሩን፣ ስም እንደ ዳዊት ነው የደገመው። ቀዩን ፓስፖርት የተቀበለ ዕለት ሱፍ ለብሶ፣ ከረቫት አስሮ በሬን አንኳኳ። ከፍቼ ሳየው ደንግጬ፣ "ማን ሞተ?" አልኩት።

ብሌንን በረዶ ላይ ያወጣት ትምህርት ቤቷ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች የክፍሏን ልጆች በሙሉ ፓቲኑዋር፣ ማለት የበረዶ መንሸራተቻው አዳራሽ፣ ወሰዷቸው። ሌሎቹ አጥሩን ሙጭጭ አድርገው ሲንቀጠቀጡ እሷ መሀል ሜዳ ላይ ተገኘች። መኮንን "ይተዋታል" አለ። አልተዋትም። አሥራ አራት ሲሞላት አሠልጣኟ "ትንሽ ናት፣ ቀላል ናት፣ ፍርሃት የላትም፤ ለጥንድ ትሆናለች" አለች። ጥንድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማናችንም አልጠየቅንም። ስህተታችን እዚያ ላይ ነው።

ጥንዷ የሚሆነው ሉካስ የሚባል ልጅ ዙሪክ አጠገብ ዋሊሰለን ነው የሚኖረው። እናቷን አስቴርን የሆስፒታል ፈረቃ፣ አባቷን ትራሙ ስለሚይዛቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በባቡር የምወስዳት እኔ ሆንኩ። የመጀመሪያ ቀን ሉካስ አንገቱን ደፍቶ ጨበጠኝ። ጨዋ ልጅ ነው፣ አልኩ በሆዴ። ገና ወንበሩ ሳይሞቀኝ ቀና ብዬ ሳይ፣ ጨዋው ልጅ የክርስትና ልጄን በአንድ እጁ ከራሱ በላይ ሰቅሎ፣ በዚያ የምላጭ ጫማው እየከነፈ ይዟት ይዞራል!

"ኡኡ! ልጄን!"

ዙሪክ ውስጥ ኡኡ ብሎ የሚጮህ ሰው የለም፤ ካለም በቀጠሮ ነው። ሙዚቃው ቆመ። አሠልጣኟ አምቡላንስ ልትጠራ ስልኳን አወጣች፤ ለብሌን ሳይሆን ለእኔ። ብሌን ከላይ፣ እዚያው እጁ ላይ እንደተሰቀለች፣ "ታታ፣ ሳ ቫ፣ ደህና ነኝ!" አለችኝ። ታታ በዚህ አገር ፈረንሳይኛ አክስቴ እንደማለት ነው። ውሃ አጠጥተው አስቀመጡኝ። ትንሽ ነፍሴ መለስ ስትል ደግሞ ወረወራት። ማንሳቱ መጀመሪያው ነው ለካ፤ መወርወርም አለ።

ተለመደ። ሰው የማይለምደው ነገር የለም። ልጆቹ ጎበዞች ሆኑና አገሪቱን ወክለው መወዳደር ጀመሩ። ጀርባው ላይ ነጭ መስቀል ያለበትን ቀይ ጃኬት ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ መኮንን ቦርሳው ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር። የቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ያላየው ሰው የለም፤ ሁለት ጊዜ ያዩትም ብዙ ናቸው።

ከዚያ አንድ ቀን ሉካስ በስልክ መልእክት ሰደደላት። ወገቡን እንደሚያመው፣ ዩኒቨርሲቲ መማር እንደሚፈልግ፣ ላለፈው ሁሉ እንደሚያመሰግናት። አለቀ። አንድ እንጨት አይነድም ይባላል፤ እንደ ጥንድ ተንሸራታች ይህን የሚያውቀው የለም። ብቻዋን መወዳደር አትችልም፤ ሴት ልጅ ከራሱ በላይ አንስቶ በረዶ ላይ የሚከንፍ ወንድ ደግሞ በየትራም ፌርማታው አይገኝም። በስዊዘርላንድ ተፈለገ፣ ጠፋ። ብሌን ለወራት ብቻዋን እየሄደች፣ ብቻዋን እየዞረች ትመለስ ነበር። እንጀራዋን ሳትነካ የምትተኛበት ቀን በዛ።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ፣ ሁላችንም ገበታ ከበን ሳለን፣ "ፓፓ፣ እኔ ጥንድ አገኘሁ" አለች። "ለጆርጂያ ነው የምወዳደረው።"

አስቴር በደስታ እልል ልትል ምንም አልቀራት። "አትላንታ! የእህቴ ልጅ አለችልሽ!"

እኔ ደግሞ አዋቂ ነኝና፣ "ሞቃት አገር ነው ይሉ የለም? በረዶውን ከየት ልታመጪ ነው?" አልኳት።

"ኖን፣ ሌላ ጆርጂያ። አሜሪካ አይደለም። ትብሊሲ።" ስልኳን አውጥታ ካርታው ላይ አሳየችን። ልጁ ጊዮርጊ እንደሚባል፣ እሱም ጥንዱ ትታው እንደሄደች፣ ሄዳ አብራው ሞክራ እንደመጣች ነገረችን። ለካ "ልምምድ ሄድኩ" ያለችን ጊዜ ጥቁር ባሕርን ተሻግራ ኖሯል!

"ከስዊስ ፌዴሬሽን መልቀቂያ ያስፈልጋል" አለች ብሌን። "ጠየቅሁ። ከዚያ አንድ ዓመት ውድድር የለም። መጠበቅ ብቻ ነው።"

መኮንን ከገበታው ቀና አለ። "መልቀቂያ ጠየቅሽ?" አላት።

"ዊ።"

"በጽሑፍ?"

"ፎርም አለ፣ ፓፓ።"

የጠቀለለውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠና ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ብሌን ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ሁላችንም የመሰለን አንድ ነገር ነው፤ እሱ ስንት ዓመት ደጅ ጠንቶ የገባበትን አገር ልጁ በፎርም ለቀቀችው፤ እንዴት አይቆጣ?

ብሌን ሄደች። ያንን አንድ ዓመት ትብሊሲ ሆና፣ ሳትወዳደር፣ እየተለማመደች ጠበቀች። ስትደውል መኮንን "ደህና ነሽ? ብርዱ እንዴት ነው?" ይልና ስልኩን ለአስቴር ያቀብላል። ፎቶው ከቦርሳው ጠፋ። የቤተ ክርስቲያን ግቢም አልተኛ። "ያሳደጋትን አገር ከዳች" ተባለ። ይህን የሚሉት እነማን መሰሏችሁ? እኛው ነን! ከተወለድንበት አገር ተነሥተን፣ ሁለትና ሦስት አገር አቋርጠን፣ ሻትሌን ላይ የሰፈርን ሰዎች ነን፣ አገር ቀየረች ብለን የፈረድንባት። መኮንን ወሬውን ይሰማል፣ መልስ አይሰጥም። ዝም አይነቅዝም ብሎ ነው፣ እልና አልፈዋለሁ።

ዓመቱ ሲሞላ ውድድር መጣ፤ ደግሞ የት ብትሉ፣ ዙሪክ። አስቴር ፈረቃ አልለቅ አላት። ብቻዬን ልሄድ ጄኔቫ ባቡር ጣቢያ ስደርስ መኮንን መሳፈሪያው ላይ ቆሟል።

"ሥራ ፈትቼ ነው" አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

አዳራሹ ውስጥ ከፊታችን የተቀመጠችው ሴትዮ የጊዮርጊ እናት ኖራለች። ልጆቹ ሲወጡ ስታማትብ መኮንን ጎሸም አደረገኝ። "ኦርቶዶክስ ናቸው እንዴ?" ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ "ግን ገልብጣ ነው ያማተበችው" አለ፤ ከቀኝ ወደ ግራ ሆኖበት ነው። ብሌን የቆመችው የሌላ አገር ስም ተጠርቶ ነው፤ አጨበጨብን። ጊዮርጊ አነሳት። ዞረ። ወረወራት።

ወደቀች።

በረዶ ላይ ሰው ሲወድቅ ድምፁ እንደ ወደቀ ሳንቃ ነው፣ አያሰማችሁ። እኔ ኡኡ ልል አፌን ከፈትኩ። መኮንን ግን ብድግ ብሎ፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣ "ተነሺ! ልጁ ብቻውን ነው፣ ተነሺ!" ብሎ ጮኸ። ተነሣች። ጊዮርጊ ላይ ደረሰችበት፣ እጁን ያዘች፣ ጨረሱ። ከመጨረሻው ሁለተኛ ወጡ። ኮሪደሩ ላይ መጥታ አባቷ ደረት ላይ ተለጠፈች። ግንባሯን ሳመና፣ "ጎበዝ" አላት። አንዲት ቃል። እሷም ለአንዲት ቃል ብዙ አለቀሰች።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲባል ነው የማውቀው፤ የመኮንንን ያወጣው ግን የመመለሻችን ባቡር ነው። የበርንን ከተማ እንዳለፍን፣ በመስኮቱ እያየ፣ "ዘውዴ፣ እኔ ብስክሌተኛ ነበርኩ" አለኝ።

"ልጅ ሆነህ?"

"ለብሔራዊ ቡድን። ለውድድር ነው አውሮፓ ይዘውን የመጡት። አራት ነበርን። አራት ሆነን፣ ተራ በተራ ነፋሱን እየመከትን የምንጋልበው የቡድን ውድድር ነው። ዋዜማው ላይ ውሃ ልገዛ ብዬ ከሆቴሉ ወጣሁ።"

"ከዚያስ?"

"ይኸው እስካሁን ውሃ እየገዛሁ ነው።"

ሦስቱ ምን እንደሆኑ ስጠይቀው፣ ሦስት ሆነው ጋልበው መጨረሻ እንደወጡ ጋዜጣ ላይ ማየቱን ነገረኝ። አገር ቤት ሲመለሱ "አራተኛው የት አለ?" ሲባሉ ምን እንደደረሰባቸው ግን አያውቅም።

"ፈራሁ፤ አልጠየቅኩም" አለ። "እሷ ፎርም ሞላች፤ አንድ ዓመት ሙሉ ቁጭ ብላ ጠበቀች። እኔ አንድ ክፍል አብሮኝ ለተኛው ልጅ ደህና ሁን እንኳ አላልኩም። መልቀቂያ ጠየቅሁ ስትለኝ፣ በምን ዓይኔ ልያት?"

"አስቴር ታውቃለች?"

"አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ለብሌን እንዳትነግሪብኝ።"

ማልኩለት። ሠላሳ ዓመት ሁለት ፎቅ ከበታቼ የኖረውን ሰው በዚያ መንገድ ላይ እንደ አዲስ ተዋወቅሁት።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ብሌን ከትብሊሲ ደወለችልኝ፤ ትንፋሽ አጥሯታል። "ታታ! ፓፓ ደወለልኝ! ሁለት ሰዓት አወራን! ብስክሌተኛ ነበር፣ ሻምፒዮን! ጠፍቶ ነው የቀረው! ጓደኞቹን አብረን ልንፈልጋቸው ነው። አንቺ ታውቂ ነበር?"

"እኔ?" አልኳት። "በስመ አብ! መኮንን? ብስክሌት? ኧረ ጉድ ፈላ!" ደረቴን ደቃሁ፤ በስልክ አይታይም፣ ይሰማል ግን።

"ታታ፣ አትደንግጪ" አለችኝ የኔ ልጅ። "ቀስ ብለሽ ተቀመጪ።"

ተቀመጥኩላት።