አትንኩ ባዩ ኡስታዝ ታጅ ኤልሲር

እያንዳንዱ ሰፈር አንድ «አትንኩ» ባይ አለው። የሌለው ሰፈር ካለ ገና ሰው አልገባበትም ማለት ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ። መኪናውን ከገዛ ዓመታት አልፈውት የወንበሩን ላስቲክ ያላነሳው ሰውዬ ነው፤ በእኛ በካርቱም ሙቀት ከዚያ ወንበር የሚነሳ ተሳፋሪ ግማሽ ቆዳውን ትቶ ነው የሚወርደው። ወይም የሠርጓን ብርጭቆ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ለእንግዳ በጣሳ ውሃ የምታቀርበው አክስት ናት። ዕቃው ከእነሱ በላይ ዕድሜ እንዲኖረው ቆርጠው የተነሱ ሰዎች ናቸው።

እኔ ግን የሁሉንም አለቃ አውቃለሁ። ዛሬ የምኖረው ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው፤ ይህን ሥራ ያስተማረኝ ሰው ደግሞ ኮምፒዩተር እንዳልነካ ሌት ተቀን ይጠብቀኝ የነበረ ሰው ነው።

ክቡር ኡስታዝ ታጅ ኤልሲር! ባሕሪ በሚባለው የካርቱም ሰሜን ሰፈር የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሂሳብ መምህር፣ የመሣሪያው ባላደራ፣ የቁልፎቹ ዘበኛ፣ የአቧራ ሁሉ የግል ጠላት። ቀጭንና ረጅም ነበሩ። ጀለቢያቸው ሁልጊዜ ንጹሕ፣ ጥምጥማቸው ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ያዘነበለ፣ ዓይናቸው ሁልጊዜ የሰው እጅ ላይ ነው።

መሣሪያውን የላከላቸው ጅዳ የሚሠራው ወንድማቸው ነው። ነገሩ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ ስለሆነ የዛሬ ልጅ ቢያየው ኮምፒዩተር አይለውም። ያለው የቁልፍ ሰሌዳው ብቻ ነው፤ አንጎሉም ሆዱም እዚያው ውስጥ ነው። በሽቦ ከቴሌቪዥን ጋር ይያያዛል፤ የተጻፈበትን የሚያስቀምጠው በዘፈን ካሴት ላይ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ አስቀምጦ ይጫወትበት ነበር። ኡስታዝ ግን ትምህርት ቤት አመጡት። የአሮጌ ወንበሮቹን መጋዘን አስጠርገው አስገቡትና ወለሉ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመሩ።

«ከዚህ መስመር የሚያልፈው ሐሳብ ብቻ ነው» አሉን። «እጅ ወደ ኋላ!»

እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን እንደ ተያዘ ሌባ ተሰልፈን ቆምን። ሐሙስ ሐሙስ ያበሩታል። በጣታቸው እንዳይመስላችሁ፤ በእንጨት ማስመሪያ ጫፍ ማብሪያውን ገፋ ያደርጉና ወደ ኋላቸው ፈንጠር ይላሉ። ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ይሆናል። ጥጉ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ብልጭ ድርግም ትላለች።

«ምን እየሠራች ነው ኡስታዝ?» አለች ኢንሳፍ። ኢንሳፍ አጠገቤ የምትቀመጥ፣ ምላሷ የማያርፍ ጓደኛዬ ናት።

«ትእዛዝ እየጠበቀች ነው።»

«ካላዘዝናትስ?»

«ትጠብቃለች።»

«እስከ መቼ?»

«ማሽን ‹እስከ መቼ› የሚባል ነገር አያውቅም።»

ይህን ሲሉ ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ። ያቺ ነጥብ እስከ ቤቴ ተከተለችኝ፤ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ትታየኛለች። የማይደክመው፣ የማይሰለቸው፣ የተናገርከውን እንጂ የፈለግከውን የማይሰማ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። አንድ ቀን የማዘው እኔ እንደምሆን ሳስብ ዓይኔን መልሼ እገልጣለሁ።

ኡስታዝ ደግሞ ፍርሃታችንን ውሃ ያጠጡት ነበር።

«ፖርት ሱዳን ውስጥ አንድ መሐንዲስ ኮምፒዩተር ፊት አስነጠሰ» ይላሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከዚያን ቀን ጀምሮ መደመር እንጂ መቀነስ አይችልም።»

«ማን ኡስታዝ? መሐንዲሱ?»

«ኮምፒዩተሩ! አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ!»

አትባራ ከተማ ደግሞ፣ እንደ እሳቸው አባባል፣ አንዲት ተማሪ የማይነካ ቁልፍ ነክታ የሰፈሩ መብራት በሙሉ ጠፋ። ሠርግ ቤት ውላ ሰንደል ሰንደል የምትሸት ልጅ በሩ ላይ ትመለሳለች፤ ሽታው ሽቦ ውስጥ ይገባል ተብሎ። ሃቡብ ሲነሳ፣ ያ ቀይ የአቧራ ግድግዳ ከበረሃው ሲመጣ፣ ሰው ሁሉ ልጁን ይሰበስባል፤ ኡስታዝ ክፍል ጥለው ይሮጣሉ። ጥምጥማቸውን ፈተው መሣሪያውን ይጠቀልሉና ላዩ ላይ ይተኛሉ። አቧራው ሲያልፍ ቅንድባቸው ሳይቀር ቀልቶ ይነሳሉ። መሣሪያው ንጹሕ ነው።

ታዲያ እንዴት ተማራችሁ ትሉኛላችሁ። ለየአንዳንዳችን በካርቶን ላይ የቁልፍ ሰሌዳ ሣሉልን፤ ጣታችንን የለመድነው በእሱ ነው። ማሽኑስ?

«እስክትደርሱ ድረስ ማሽኑ እኔ ነኝ» አሉ።

ቀልድ መስሎን ሳቅን። ቀልድ አልነበረም። እኛ ትእዛዙን ጥቁር ሰሌዳው ላይ መስመር በመስመር አሥር፣ ሃያ እያልን በቁጥር እንጽፋለን፤ እሳቸው እጃቸውን በጎናቸው ለጥፈው የተጻፈውን ብቻ ይፈጽማሉ። «በሩን ክፈት» ብለን ጻፍን፤ ወደ በሩ ሂድ ማለት ረስተናል። የቆሙበት ቦታ አየሩን እንደ በር ገፉና «ተፈጽሟል» አሉ። ፊደል ከተሳሳትን ይደርቃሉ፤ ዓይናቸው ይፈጣል፤ ከመቃብር በሚመጣ ድምፅ «ስህተት። መስመር ሃያ» ይላሉ። በመስኮት የሚያጮልቁት የመጀመሪያ ዓመት ልጆች ጩኸታቸውን ለቀው ይበተናሉ።

አንድ ቀን ኢንሳፍ ወጣችና እንዲህ ብላ ጻፈች፦ አሥር፣ አንድ እርምጃ ሂድ። ሃያ፣ ወደ አሥር ተመለስ።

ኡስታዝ መሄድ ጀመሩ። ክፍሉን አቋረጡ፤ ግድግዳው ጋ ደረሱ። አልቆሙም። ግንባራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ባሉበት ይራመዳሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ይራመዳሉ። ማራገቢያ የለም፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ይፋጃል። ላባቸው ጀለቢያቸውን ጀርባቸው ላይ አጣበቀው። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ።

«ኡስታዝ፣ ይብቃዎት» አለች ኢንሳፍ።

ይራመዳሉ።

«ወላሂ ቀልዴን ነው! ኡስታዝ ይቁሙ!»

«ማሽን ልመና አይሰማም» አሉ ወደ ግድግዳው። ድምፃቸው ይቆራረጣል። «መስመር ስጡኝ።»

ስኳር እንዳለባቸው ሁላችንም እናውቃለን። ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኢንሳፍ አለቀሰች። እኔ ጠመኔውን አነሳሁ። ምን ልጻፍ? ሰሌዳው ላይ ያለው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ሁለቱም ዓይናቸውን አፍጥጠው የሚያዩኝ መሰለኝ። በመሃላቸው ባዶ ቦታ አየሁ። አሥራ አምስት ብዬ ቁጥር ሰጠሁና ጻፍኩ፦ ግድግዳ ከነካህ፣ ቁም።

ወዲያው ቆሙ። ግድግዳውን ተደግፈው ተንሸራተው መሬት ተቀመጡ። ሮጠን ስኳር የበዛበት ሻይ አመጣን። ጠጥተው ትንፋሻቸው ሲመለስ ቀና ብለው አዩኝ።

«ኢቅባል፣ ‹ከ› የምትባለዋን ቃል ዛሬ አወቅሻት» አሉ። «ማንም አያስረሳሽም።»

እውነታቸውን ነው፤ እስከ ዛሬ ማቆሚያ የሌለው ነገር ስጽፍ ልቤ ይደነግጣል።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ዝናቡ መጣ። እኛ አገር ዝናብ እንግዳ ነው፤ ሲመጣም የጭቃ ቤት ውስጥ እንደምንኖር አይጠይቅም። አንድ ጠዋት ስንነሳ መንገዱ ወንዝ ሆኗል። ጎረቤት ግድግዳ ሲወድቅ ይሰማል፤ ድብ ይልና ከዚያ የሴት ጩኸት ይከተላል። ኢንሳፍ የተከናነበችውን ቶብ በጥርሷ ይዛ እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ እየተንቦራጨቀች መጣች።

«ኡስታዝ ትምህርት ቤት ገብተዋል! ሲገቡ አይቻቸዋለሁ፤ አልወጡም!»

የእናቴ ወንድም ሙኽታር ጋራዥ የሚሠራ ጉልበተኛ ሰው ነው። ገመድ አንስቶ ወጣ። እናቴ እየጮኸች ልትይዘኝ ስትል እኔም ተከተልኩት።

የትምህርት ቤቱ ግቢ ቡናማ ባሕር ሆኗል። የመጋዘኑ በር በወደቀ ጣውላ ተዘግቷል። የጭቃው ግድግዳ አብጧል፤ ከላዩ ቁራሽ ቁራሹ እየተገመሰ ውሃ ውስጥ ይወድቃል። በትንሿ መስኮት አየናቸው። ጠረጴዛው ላይ ቆመዋል፤ ውሃው ቁርጭምጭሚታቸው ደርሷል። መሣሪያውን በላስቲክና በጥምጥማቸው ጠቅልለው ከራሳቸው በላይ ይዘውታል።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው! ጣለውና በመስኮቱ ና!» አለ አጎቴ።

«አልጥለውም።»

«ግድግዳው ሊወድቅ ነው እኮ!»

«አይቻለሁ።»

«በል ለእኔ ስጠኝ!»

«አንተ መካኒክ ነህ፤ እጅህ ቅባት ነው።»

አጎቴ የማይጻፍ ነገር ተናገረ። ከዚያ ወገቤን ይዞ አንስቶ ትከሻው ላይ አስቀመጠኝና ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ኡስታዝ አዩኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ኢቅባል። እጅሽ ደረቅ ነው?»

ሰማዩ እየዘነበብን፣ ከተማው በሙሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ይህን ጠየቁኝ።

«ደረቅ ነው ኡስታዝ!» ብዬ ጮህኩ።

በመስኮቱ አሳለፉልኝ። ያዝኩት፤ እሳቸው ግን አልለቀቁም። ለአፍታ ሁለታችንም ያዝነው። ጣቶቻቸው አንድ በአንድ ተነሱ። ኮምፒዩተር ለመጀመሪያ ጊዜ በእጄ የገባው እንዲህ ነው፤ ከዳቦ ብዙም አይከብድም ነበር። ኡስታዝ አንድ እግራቸውን በመስኮቱ አወጡ፤ አጎቴ በጀለቢያቸው ጎተታቸው። የመጋዘኑ የኋላ ግድግዳ የወደቀው ያኔ ነው። ድምፁን ከመስማቴ በፊት ማዕበሉ መታን። አጎቴ ተንሸራተተ፤ እኔ ከነመሣሪያው ሰመጥኩ። አፌ ጭቃ ሞላ። ወደ ላይ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ። ሞትኩ፣ በቃ ሞትኩ ስል አንድ ቀጭን እጅ ፀጉሬን ጨምድዶ አወጣኝ፤ የኡስታዝ እጅ ነው።

ሳስልና ሳለቅስ መሣሪያውን ከደረቴ አላላቀቅኩትም። ላስቲኩ ግን ቡናማ ውሃ ሞልቶ ተነፍቷል። ኡስታዝ አዩት። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ፊታቸውን አዞሩ። እስከ ቤታችን ድረስ ዝም ብለው ተራመዱ፤ ከጎርፉ ይልቅ ዝምታቸው አስፈራኝ።

ፀሐይ ስትወጣ መሣሪያውን አጎቴ ግቢ የገመድ አልጋ ላይ አሰጣነው። አጎቴ ብሎኖቹን ፈታ፤ እኔና ኢንሳፍ በጥጥና በአልኮል ከየቁልፉ ሥር ጭቃውን ጠረግን። ኡስታዝ በየቀኑ ይመጣሉ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቀመጣሉ። እንደ ሕመምተኛ ጠያቂ «እንዴት አደረ?» ይላሉ፤ «ደህና ነው» እንላለን፤ ሌላ ነገር አይናገሩም። በጣም የተቀየሙን መሰለን።

መብራት የተመለሰ ዕለት ከአጎቴ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘነው። ኡስታዝ በሩ ጋ ቆሙ። ሰው ሁሉ እኔን አየ። ቢፈነዳስ? ባይነሳስ? ዓይኔን ጨፍኜ ማብሪያውን ተጫንኩ።

ኢንሳፍ እልል ስትል ነው የገለጥኩት። ሰማያዊ ነው። ነጯ ነጥብ ምንም እንዳልተፈጠረ ትእዛዝ ትጠብቃለች።

«ኡስታዝ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይጻፉበት» አልኩ።

«አይ፣ እናንተ ጻፉ።»

«እርስዎ እያሉ?»

«ጻፉ አልኩ እኮ!» ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ። ኢንሳፍ ትክ ብላ አየቻቸው። ምላሷ እንደ ልማዷ ቀደማት።

«ኡስታዝ፣ ከዚህ በፊት ጽፈውበት ያውቃሉ?»

ኡስታዝ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፤ መልሰው አበላሹት።

«መጽሐፉን በቃሌ አውቀዋለሁ» አሉ። «ከዳር እስከ ዳር።» ከዚያ ድምፃቸው አነሰ። «ካበላሸሁትስ? እኔ ካበላሸሁት ለእናንተ ሌላ ከየት ይመጣል?»

ያ ሁሉ የጠመኔ መስመር፣ ያ ሁሉ የፖርት ሱዳን ማስነጠስ! ከሁላችንም በላይ ሲፈሩ የኖሩት እሳቸው ነበሩ፤ የፈሩትም ለእኛ ነው። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተፈታ። ሄጄ እጃቸውን ያዝኩ። መምህርን እጅ ይዞ መጎተት ነውር መሆኑን ያስታወስኩት ወንበሩ ላይ ካስቀመጥኳቸው በኋላ ነው። ሌባ ጣታቸው በረዶ ነበር።

«የቱን?» አሉ።

«የወደዱትን።»

የስማቸውን መጀመሪያ ፈልገው በዓረብኛው «ታ» ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ተጫኑ። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ «ታ» ወጣ፤ ከዚያ ሌላ «ታ»፤ ከዚያ ይጎርፍ ጀመር።

«አበላሸሁት!»

«አላበላሹትም ኡስታዝ፣ ጣትዎን ስላላነሱ ነው። ካነሱት ይቆማል።»

ፊደሉ መስመሩን ሞልቶ ወደሚቀጥለው ወረደ። ኡስታዝ ጣታቸውን አዩ፤ ቴሌቪዥኑን አዩ። አይቼው የማላውቅ ፈገግታ ከጢማቸው ሥር ቀስ እያለ ወጣ።

«ቆይ፣ ትንሽ ይሂድ» አሉ።