የልጅ ልጄ እንዴት እንደገደለችኝ

ፊልም የሚማር ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ሰው በሰላም አይበላም፣ በሰላም አይተኛም፣ በሰላምም አይሞትም። ከሌላ ሰምቼ አይደለም የማወራው፤ ሦስቱም ደርሶብኝ ነው።

እንዲህ ዓይነቱን ልጅ ታውቁታላችሁ። እናንተ ቤት ባይኖር ጎረቤት ቤት አለ። በጣቶቹ መስኮት ይሠራና በዚያች ቀዳዳ አጮልቆ ያያችኋል። «እንደምን አደርክ» ስትሉት «ብርሃኑ ፊትዎ ላይ ያምራል» ይላችኋል። ሾርባ ስታቀርቡለት ሾርባውን ትቶ እንፋሎቱን ያደንቃል። የእኛ ቤቷ ክብርት ዳይሬክተር ሰርዋ ትባላለች። የመጨረሻ ሴት ልጄ ልጅ ናት፤ ትልቁ ከተማ ኩማሲ ነው የምትማረው። ወገቧ የመጥረጊያ እጀታ ያህላል፣ ጭንቅላቷ ግን ከተማችንን ማምፖንግን በሙሉ ከነገበያው አስገብቶ ገና ቦታ ይተርፈዋል።

ዘንድሮ ለመመረቂያዋ አጭር አስፈሪ ፊልም ሥሪ ተባለች። አሥር ደቂቃ። አሥር ደቂቃ ለማስፈራት እኔ ካሜራ አያስፈልገኝም፤ ጠዋት ጥርሴን ሳላደርግ በር ላይ ብቆም ይበቃል። እሷ ግን ከትምህርት ቤቷ ካሜራ ተውሳ፣ ጫፉ ላይ የሞተ ድመት የመሰለ ፀጉራም ነገር ያለበት ረጅም ዱላ ተሸክማ፣ ወፍራም ደብተር በብብቷ ሸጉጣ መጣች።

«የታለ ፊልሙ?» አልኳት።

«ናና፣ መጀመሪያ ጥናት ነው።» ናና የምትለኝ አያቴ ለማለት ነው።

ይቺ «ጥናት» የምትሏት ነገር ከአፏ አትወርድም። ዕቃ አጠቢ ስትባል ጥናት ላይ ናት። ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ተቀምጦ በተንጠለጠለ እግሩ ሰው የሚነጥቀውን ሳሳቦንሳምን ልትሠራ አስባ ነበር፤ እግሩ እንዴት እንደሚንጠለጠል ለማጥናት የግቢያችን ማንጎ ዛፍ ላይ ሁለት ቀን ተሰቅላ ዋለች። መምህሯ ግን «እሱን ተማሪ ሁሉ ያመጣልኛል። የእናንተ ሰፈር ሰው ከልቡ የሚፈራውን አምጪልኝ» አላትና ከዛፉ ወረደች።

ከዚያማ ደብተሯን ይዛ በየበሩ ዞረች። «ምንድን ነው የሚያስፈራዎት?» ቄሱ «ከፈጣሪ በቀር የምፈራው የለም» ብለው ደረታቸውን ሲነፉ እንሽላሊት ከጣሪያ ትከሻቸው ላይ ዱብ አለባቸው፤ ክብርት ዳይሬክተር ጩኸታቸውን ሳይቀር ጻፈችው። ማሜ ቴቺዋን ጠየቀቻት። ማሜ ቴቺዋ አርባ ዓመት በአንድ ግቢ አብራኝ የኖረች፣ አርባ ዓመት የተጨቃጨቅኳት ሴት ናት። «እኔ የምፈራው የአያትሽን ምላስ ነው፤ በደንብ አድርገሽ ጻፊው!» አለቻት፣ እኔ እንድሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

ድምፅም ታጠና ነበር። ምግባችን ፉፉ በሙቀጫ ሲወቀጥ ያንን ድምፅ የሚይዝ ፀጉራም ዱላ ሙቀጫው ሥር ከትታ፣ በላዩ ፍራሽ ደርባ ቀዳችው። ስታሰማኝ የዘነዘናው ምት ከመሬት ውስጥ የሚመጣ እርምጃ ሆኖ ቁጭ አለ። ከአንድ ቀን በኋላ ደግሞ የሚያጉረመርም አውሬ አሰማችኝ።

«ኧረ በስመአብ! ይሄ ምንድን ነው?»

«አንቺ ነሽ ናና፤ ከምሳ በኋላ ስታንኮራፊ።»

ፊልሙን ደግሞ ከመሠራቱ በፊት በወረቀት ትስለዋለች። ራሴን አየሁት። ግማሽ ድረስ የተላጠ ቦዬ አስመስላኛለች።

አንድ ቀን መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ዞረች። «ናና፣ አንቺስ ምን ትፈሪያለሽ?»

«ያላንቺ ምን አለ የሚፈራ» አልኳት። አልሳቀችም። ብዕሯን ይዛ ዝም ብላ ጠበቀችኝ። ይሄ ነው ችሎታዋ፤ ዝም ብላ ስትጠብቃችሁ ያላሰባችሁት ነገር ከአፋችሁ ይወጣል። «አንዳንድ ጠዋት» አልኳት፣ «ማንጎው ሥር ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ አላፊውን ሁሉ እንደምን አደርክ፣ እንደምን አደርሽ እላለሁ። አንዳንዱ አይመልስልኝም። ያኔ እጄን አየዋለሁ። አለሁ ወይስ የለሁም ብዬ።»

ብዕሯ አልተንቀሳቀሰም። ደብተሩን ዘጋችና «ናና፣ ፊልሜን አገኘሁት» አለችኝ።

ፊልሙ እንዲህ ነው። አንዲት አሮጊት ጠዋት ተነስታ ግቢ ውስጥ ትቀመጣለች፤ ያለፈውን ሁሉ ሰላም ትላለች፤ ማንም አይመልስላትም። ትቆጣለች። ታኮርፋለች። መጨረሻ ላይ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የሞት ማስታወቂያ ታያለች፤ ፎቶው የራሷ ነው። አሮጊቷ እኔ ነኝ። ሌላ ተዋናይ አላስፈለጋትም። ካሜራውን ውሃ ታንከሩ ጀርባ ደብቃ «ናና፣ እንደወትሮሽ ቁጭ በይ» አለችኝ፤ ሦስት ሳምንት ቁጭ አልኩ። ሰላም ብዬው የመለሰልኝን ሁሉ አውጥታ ትጥላለች። «ያልመለሱልሽ ይበቁኛል» አለችኝ። በቁ ብቻ! ተረፉ እንጂ!

የቀረው ማስታወቂያው ነበር። ማተሚያ ቤት ሄደች። አታሚው የማምፖንግን ሙት በሙሉ ያተመ ሰው ነው፤ «ያለ ቤተሰብ አለቃ ስም የሞት ማስታወቂያ አይታተምም፤ ቤተሰብ የሌለው ሙት የት አለ?» አላት። ክብርት ዳይሬክተርም ነገር እውነት እንዲመስል ስለምትወድ የኛኑ ቤተሰብ አለቃ ስም ሰጠች፤ የታናሽ ወንድሜን፣ ልጆቹ ሁሉ «ወፋ» ማለትም አጎት የሚሉትን የወፋ ባዱን። ይቺ ናት ስህተቷ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት መጀመሪያ መጠጥ ተይዞ ለቤተሰቡ አለቃ ይነገራል፤ እሱ ሳይሰማ እንባ የሚያወጣ የለም፣ ማስታወቂያማ ጭራሽ የማይታሰብ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ገበያ በደመቀበት ሰዓት፣ ማስታወቂያው ከመንገዱ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ታየ። ቀይና ጥቁር፣ መሐል ላይ እኔ፣ ያውም በቆንጆ የራስ ሻሼ። እኔ ጓዳ ገብቼ ሰርዋ ለመጨረሻው ቀረጻ ፊቴን ነጭ አፈር ትቀባኛለች። ካሜራው ግቢ ውስጥ በሦስት እግሩ ቆሞ ብቻውን ይሠራል። ድንገት ከውጭ ዋይታ ተሰማ።

«ማን ሞተ?» አልኳት።

በመስኮት አየችና ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ።»

ግቢው የለቅሷችንን ቀይና ጥቁር በለበሱ ሴቶች ሞልቷል። መሬት ላይ የምትንከባለለው ማን መሰለቻችሁ? ማሜ ቴቺዋ! «ፎሱዋ! ፎሱዋ እቴ! ትናንት ተሰዳድበን ዛሬ ጥለሽኝ ትሄጃለሽ? ከእንግዲህ ከማን ጋር ልጣላ? ያንን ትልቁን ድስትሽንስ ለማን ልመልስ?»

እኔ ያንን ድስት ስድስት ዓመት ፈልጌዋለሁ። ፊቴ እንደ ኖራ መሆኑን ረስቼ በሩን በረገድኩት። «ድስቴ አንቺ ጋ ነው እንዴ?!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነግራችሁም። ቄሱ አጥር ላይ ሲወጡ ግን አይቻለሁ።

ሰው ተመልሶ ሳይረጋጋ ወፋ ባዱ ደረሰ። ቀይ ጨርቁ ተገልብጦ፣ ዓይኑ አብጦ። «ወያላ ነው የነገረኝ!» ብሎ ጮኸ። «የእናቴን ልጅ ሞት ወያላ! 'አባባ፣ ነፍስ ይማር፣ ጠጋ ጠጋ በሉ' ብሎ! ሚኒባስ ሙሉ ሰው እያየኝ አለቀስኩ!» ያናደደው ሞቴ አልነበረም፤ ማልቀሱ ነው። ቆሜ ሲያየኝ ደግሞ ደስታውንም ንዴቱንም የሚያደርግበት አጣ።

ማንጎው ሥር ተቀምጦ ፈረደ። «ካሜራው ውስጥ ያለው ሁሉ ይጥፋ። አሁኑኑ፣ እኔ እያየሁ።»

የሰርዋ ፊት ከኔ በላይ ነጣ። ካሜራው ሰኞ ይመለሳል። ረቡዕ ፈታኞቹ ፊት ፊልሟን ካላሳየች መመረቅ የለም፤ አራት ዓመት ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው።

«ደግሞስ» አለ ወፋ ባዱ፣ «መንገድ ላይ የለጠፈው ማነው?»

እንግዲህ ለናንተ ልንገራችሁ፤ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ሰርዋ ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ሰው በማያየው ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ ብላ አስቀምጣው ነበር። እኔ ግን ሰው ሳይነቃ በጠዋት ተነስቼ፣ የካሳቫ ሙጫ አፍልቼ፣ ፊት ለፊት መንገዱ ላይ ለጠፍኩት። ማን እንደሚያለቅስልኝ ለማየት። በኔ ዕድሜ ይሄን ማወቅ የማይፈልግ ካለ ይንገረኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ልናገር። ያቺ ልጅ እግሬን ረገጥ አድርጋ «እኔ ነኝ ወፋ» አለች። «ጥፋቱ በሙሉ የኔ ነው። ይጥፋ ካሉ ይጠፋል። ግን ከመጥፋቱ በፊት አንዴ ይዩት።»

ኮምፒውተሯን በርጩማ ላይ አስቀምጣ በኔ ነጠላ ጥላ አበጀችለት። ሁሉም ተጎነበሰ።

እኔ አለሁ፣ ወንበሬ ላይ። እንደምን አደርሽ እላለሁ፤ ማሜ ቴቺዋ ባልዲዋን ይዛ ታልፋለች። እንደምን አደሩ እላለሁ፤ ቄሱ ሰዓታቸውን እያዩ ያልፋሉ። ከሥር የፉፉው ምት ይሰማል፤ ድው፣ ድው። ከዚያ ነጭ ጫማ ያደረገ ሰው ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ መጣ። «ባዱ፣ እንደምን አደርክ?» እላለሁ። ሌባ ጣቱን አንስቶ «ቆይ» አለኝና አለፈ። አልተመለሰም። ካሜራው ግን ከእኔ ላይ አልተነሳም። ፊቴን ወደሄደበት አዙሬ እጠብቃለሁ። ያን ያህል ጊዜ መጠበቄን እኔም አላውቅም ነበር።

ወፋ ባዱ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አውልቆ ጠረገ።

«ይሄን... ይሄን ቦታ እንደገና እንሥራው» አለ ቀስ ብሎ። «ቤት ሄጄ ያንኑ ጫማ አድርጌ ልምጣ። አሁን ቆሜ በደንብ ሰላም እላታለሁ። ያኔ ፊልሙ ይቆይልሽ።»

ፊልሟ ተረፈላት ብዬ ትንፋሼን ለቀቅኩ። እሷ ግን ምን ብትል ጥሩ ነው?

«አይሆንም ወፋ።»

የኔ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን ሙሉ ለባዱ «አይሆንም» ብሎት አያውቅም። ማሜ ቴቺዋ ክንዴን ያዘችኝ።

«እርስዎ ከመለሱላት ፊልሙ እዚያው ላይ ያልቃል» አለች ሰርዋ። ድምጿ ይንቀጠቀጣል፣ ቃሏ ግን አይንቀጠቀጥም። «የሚያስፈራው አለመመለስዎ ነው። ያጥፉት እንጂ አልቀይረውም።»

እኔ በዚያች ሰዓት ድስቴን እንኳ ረስቼ ነበር። ይቺን የመጥረጊያ እጀታ እኔ ነኝ ያሳደግኳት ብዬ ለመንገደኛው ሁሉ መጮህ አማረኝ።

ወፋ ባዱ በዱላው መሬቱን መታ አደረገና «እንዲሁ ይሁን» አለ። «ግን በቁሟ ሞተች የተባለች ነፍስ ደንግጣለች። ቦዬ ቀቅለሽ ጨፍልቀሽ፣ በቀይ የዘንባባ ዘይት አሽተሽ፣ ከነእንቁላሉ በእጅሽ ታጎርሻታለሽ።» የደነገጠች ነፍስ የምትረጋጋው በዚህ ነው፤ ሥርዓታችን ነው። ሰርዋ ግን ከጥናት በቀር ምንም አብስላ አታውቅም፤ ነፍሴ በማስታወቂያው ከደነገጠችው ይልቅ በዚያ ጉርሻ ደነገጠች። እያጎረሰችኝ ደግሞ «ናና፣ ትንሽ ወደ ብርሃኑ ዞር በይ» ትለኛለች።

ረቡዕ ሁላችንም ኩማሲ ሄድን። ወፋ ባዱ በነጭ ጫማው፣ ማሜ ቴቺዋ በአዲስ ሻሽ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ፊልሙ ተጀምሮ እስኪያልቅ አንድም ሰው አልጮኸም፤ ሳላስፈራ ቀረሁ ብዬ ተናደድኩ። ኋላ ሳይ ከፊታችን የተቀመጠች ተማሪ ስልኳን ይዛ እየተነሳች ለጓደኛዋ «አያቴ ጋ ልደውል፣ መጣሁ» ትላታለች። የማሜ ቴቺዋ ለቅሶም ገብቷል፤ መምህሩ ሰርዋን ይቺን ተዋናይ ከየት አገኘሻት ብሎ ጠየቃት። ሰርዋ ከክፍሏ አንደኛ ወጣች፤ ለሚጠይቀኝም ለማይጠይቀኝም እነግራለሁ።

መጨረሻ ላይ የሠሩት ሰዎች ስም በመጋረጃው ላይ ወደ ላይ ይሄዳል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። «ሰርዋ፣ ምን ይላል?» አልኳት።

«ናና ፎሱዋ ጎበዝ ናት ይላል።»

ማሜ ቴቺዋ ግን ቤተ ክርስቲያን ማንበብ ተምራለች፤ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ማንበብ አትችልም። «ማስታወቂያውን... መንገድ ላይ... የለጠፈችው... ናና ፎሱዋ!» ብላ ለአዳራሹ ሁሉ አሰማችው።

ከፊት ወንበር የወፋ ባዱ አንገት ቀስ እያለ ወደ እኔ ዞረ። ሰርዋን አየኋት፤ በጣቶቿ መስኮት ሠርታ እያጮለቀች ትጠብቃለች፣ የእናቷ ልጅ፣ የኔ ጉድ።

«ባዱ» አልኩት፣ «እንደምን ዋልክ?»

አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ያየዋል። ምን ያድርግ፤ መለሰልኝ።