በዚያ ግስ ሰው ይቀጠራል?

እንግሊዝኛን የሚናገሩ ሰዎች አሉ፤ እንግሊዝኛን የሚበልቱም አሉ። የኋለኞቹን አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? ካላገኛችሁ፣ እዚህ ሀዋሳ የማታ ክፍሌ ጎራ በሉና ታሪኩ የሚባለውን ተማሪዬን ተዋወቁት። "ባጃጅ መጣብህ!" ቢሉት እንኳ ስሙንና ግሱን ሳይለይ ከመንገዱ ዘወር አይልም።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ። ታሪኩ ባለፈው ወር አንድ ፋብሪካ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀረበ። ፈታኙ በእንግሊዝኛ "ይህን ሥራ ለምን ፈለግህ?" አለው። ታሪኩ ጉሮሮውን ጠርጎ የጥያቄውን ባለቤት፣ ግስና ተሳቢ አንድ በአንድ አወጣለት።

"መልሱስ?" አለ ፈታኙ።

"ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው ጌታዬ፤ ምንም አይጎድለውም!"

ቀጥላ የገባችው የክፍል ጓደኛው ብርሃኔ ናት። እሱ በር ላይ ሆኖ እየሰማ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ "እኔ ሥራ ፈልግ፣ እኔ ጎበዝ" ብላ ሳቀች።

ታሪኩ በባጃጅ እየበረረ እኔ ዘንድ መጣ። "መምህር፣ እኔ አንድም አልሳትኩ! እሷ ግን ግሱን ገደለችው!"

"ሥራው ለማን ሆነ?"

"ለእሷ። እስቲ እርስዎ ይፍረዱ፣ በዚያ ግስ ሰው ይቀጠራል?"

ምን ብዬ ልፍረድ? ብርሃኔ አሁን ጠዋት ጠዋት በሰርቪስ ስታልፍ በመስኮት ብቅ ብላ፣ በዚያው እንግሊዝኛዋ "ታሪኩ፣ እኔ ሂድ ሥራ!" ትለዋለች። እሱም መንገድ ዳር ቆሞ ያርማታል፤ ሰርቪሱ ግን አይቆምለትም።