የሁለት ሰው ሪፐብሊክ

[የእንጨት ሥራ ቤት። አርባ የትምህርት ቤት ዴስኮች ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተደርድረዋል፤ ቫርኒሻቸው ገና እጅ ላይ ይጣበቃል። ሌሊት ነፋስ አንድ ቆርቆሮ ገንጥሎ ስለጣለ በጣሪያው ቀዳዳ ሰማይ ይታያል፤ ሰማዩ ጠቁሯል። የተገነጠለው ቆርቆሮና መሰላል በሩ ላይ ተደግፈዋል። ቤቱ የሁለት ሰዎች ነው፦ የአናጢውና የቀለም ቀቢው፤ ቀቢው የአናጢው ሚስት ወንድም ነው። አናጢው ሣጥን ላይ ወጥቶ ቆሟል። ቀቢው ቁርጭምጭሚቱን በጨርቅ ጠምጥሞ በርጩማ ላይ ተቀምጧል።]

አናጢው፦ ሁለት ለዜሮ! ተመርጫለሁ፤ አለቀ፣ ደቀቀ።

ቀቢው፦ ኧረ ጋሼ፣ እኔ እጄን ያነሣሁት ብብቴን በልቶኝ ነው።

አናጢው፦ ቆጣሪ የሚቆጥረው የተነሣ እጅ ነው። ለምን ተነሣህ ብሎ አይጠይቅም።

ቀቢው፦ ቆጣሪው ማን ነበር?

አናጢው፦ እኔ።

ቀቢው፦ ተወዳዳሪውስ?

አናጢው፦ እኔ! ምን ታደርቀኛለህ? ስንቱ በዚሁ ዓይነት ተመርጦ አርባ ዓመት ወንበር ላይ ሲያንቀላፋ፣ እኔ አምስት ዓመት ብቻ ነው ያልኩት። አመስግነኝ እንጂ!

ቀቢው፦ እሺ፣ አምስት ዓመት ግዛ። ዝናቡ ግን ከምሳ በፊት ነው የሚመጣው።

አናጢው፦ ለዚሁ እኮ ነው መንግሥት ያስፈለገን! ከጠዋት ጀምሮ «አንተ ውጣ»፣ «አንተ ውጣ» ስንባባል ረፈደ። ይህ ምን ይባላል? ሥርዓት አልበኝነት!

ቀቢው፦ እኔማ ስንፍና የሚባል መስሎኝ ነበር።

አናጢው፦ አየህ፣ አለማወቅህ! እኔ ሬዲዮ የምከፍተው እንዳንተ ዘፈን ፍለጋ አይደለም። መንግሥት ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ፓርላማዊ ነው፤ ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ራሱ ይመርጠዋል፣ እምነት ሲያጣበት ደግሞ ራሱ ያወርደዋል።

ቀቢው፦ እንደ አማት ማለት ነው? ወዳ ልጇን የዳረችለትን አማች ስታኮርፍ ከቤት የምታስወጣ?

አናጢው፦ [ተገርሞ] በል፣ እንደ አማት በለው። ሁለተኛው ፕሬዚዳንታዊ ነው። እዚህ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው ሕዝቡ ነው፣ በቀጥታ። ስለዚህ ምክር ቤቱ ቢያኮርፍ፣ ቢኮሳተር፣ ቢንጨረጨር፣ የሥራ ዘመኑ እስኪያልቅ አያወርደውም።

ቀቢው፦ ሰርቆ ቢገኝስ?

አናጢው፦ ከባድ ጥፋት ካጠፋማ ከስሶ ሊያወርደው ይችላል። ስለጠላው ብቻ ግን፣ ወይ ፍንክች!

ቀቢው፦ ማርፈድስ ከባድ ጥፋት ነው?

አናጢው፦ ማርፈድማ የሥልጣን ክብር ነው። ሰዓቱን ጠብቆ የደረሰ ፕሬዚዳንት የት አይተሃል?

ቀቢው፦ [ወደ ቀዳዳው ቀና ብሎ] ጋሼ፣ ደመናው ግን አላረፈደም። ዳይሬክተሯ ዴስኮቹን ለመጫን ከሰዓት ትመጣለች። ነገ ትምህርት ይከፈታል። ይህ ቫርኒሽ ዛሬ ውሃ ከነካው ሰማንያ ልጅ መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው።

አናጢው፦ ዴስኮቹን ወደ ጥግ ሰብስባቸዋ!

ቀቢው፦ የቱ ጥግ? አርባ ዴስክ ሞልቶት እኔና አንተ እንኳ ተራ በተራ ነው የምንተነፍሰው።

አናጢው፦ እንግዲያው ፈጣን ውሳኔ ያስፈልጋል። የፕሬዚዳንታዊ ሥርዓት ጥቅሙ ፍጥነቱ ነው! ፕሬዚዳንቱ ሚኒስትሮቹን ራሱ ይሾማል። [ጉሮሮውን ይጠርጋል] ከዛሬ ጀምሮ አንተን የጣሪያ ሚኒስትር አድርጌ ሾሜሃለሁ። መሰላሉ ያውልህ።

ቀቢው፦ ትናንት ከመሰላል ወድቄ ቁርጭምጭሚቴ ወለም ብሎኛል እኮ!

አናጢው፦ ለአገር ሲባል ይታለፋል።

ቀቢው፦ አገር ሲሉ የሌላ ሰው እግር ነው የሚታያቸው... እሺ ይሁን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፕሬዚዳንቱ የፈለገውን ዝም ብሎ ይሾማል?

አናጢው፦ ዝም ብሎማ አይደለም። ምክር ቤቱ ማጽደቅ አለበት።

ቀቢው፦ ምክር ቤት ማን ነው?

አናጢው፦ እ?

ቀቢው፦ እዚህ ቤት ምክር ቤት ማን ነው?

አናጢው፦ ማንም... ማለቴ፣ መኖርማ አለበት። ሕግ አውጪ የሌለው ፕሬዚዳንት አምባገነን ነው የሚባለው፤ እኔ ደግሞ ስሜን አላስጠፋም። በል፣ ምክር ቤቱም አንተ ሁን።

ቀቢው፦ ሚኒስትርም እኔ፣ ምክር ቤትም እኔ?

አናጢው፦ [በንቀት ስቆ] አይ የዋህ! ሁለቱንማ መሆን አይቻልም። በፓርላማዊው ሥርዓት ነው ሚኒስትሩ የምክር ቤት አባል የሚሆነው። በእኛ ሥልጣን ለየብቻ ተቆርጧል፤ አስፈጻሚው አስፈጻሚ፣ ሕግ አውጪው ሕግ አውጪ!

ቀቢው፦ እንግዲያው አንዱን ልምረጥ። ምክር ቤቱን መርጫለሁ።

አናጢው፦ ምረጥ፣ ማን ከለከለህ!

ቀቢው፦ ምክር ቤቱ ደግሞ የጣሪያ ሚኒስትሩን ሹመት አላጸደቀውም። እጩው እግሩን ታሟል።

አናጢው፦ [ከሣጥኑ ይወርዳል] ቆይ፣ ቆይ... ሚኒስትር ከሌለ ሥራውን ማን ያስፈጽማል?

ቀቢው፦ እኔ ደንቆሮው ምን አውቃለሁ? አንተ ንገረኝ እንጂ።

አናጢው፦ በሕጉማ... የአስፈጻሚነት ሥልጣን ሁሉ የፕሬዚዳንቱ ነው። ሚኒስትሮች ያግዙታል እንጂ...

ቀቢው፦ እሰይ! እንዴት ያለ ጥሩ ሥርዓት ነው! እንግዲያው ምክር ቤቱ ሥራ ይጀምር። አዋጅ ቁጥር አንድ፦ «ጣሪያው ዝናብ ሳይመጣ ይመታ»።

አናጢው፦ አልፈርምም!

ቀቢው፦ እምቢ ማለት ይቻላል?

አናጢው፦ [ደስ ብሎት] እንዴት አይቻልም! ቪቶ ይባላል። ቪ-ቶ! ምክር ቤት ያወጣውን ሕግ ፕሬዚዳንት ካልተዋጠለት መልሶ ይወረውረዋል። ይኸው፣ ወረወርኩልህ።

ቀቢው፦ [ያዘነ መስሎ] በቃ፣ ሞተ ማለት ነው?

አናጢው፦ ሊሞት ምንም አልቀረውም። ምክር ቤቱ እንደገና ተሰብስቦ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካላጸደቀው፣ ነፍስ ይማር ነው። ሁለት ሦስተኛ ደግሞ ቀላል እንዳይመስልህ! ስንቱ ምክር ቤት በዚህ ላይ ተሰብሯል!

ቀቢው፦ ጋሼ፣ መቼም ሂሳብ ላይ ሰነፍ ነኝ። የእኔ ሁለት ሦስተኛ ስንት ነው?

[አናጢው በጣቱ ይቆጥራል፤ አንድ ላይ ይቆማል። እንደገና ይቆጥራል፤ አሁንም አንድ ላይ ይቆማል።]

አናጢው፦ ይህማ... ከጉልበትህ በላይ ያለው...

ቀቢው፦ ሙሉ አባላት ተገኝተዋል። ስብሰባው ተጀመረ። ተቃውሞ አለ? የለም። ድምፀ ተአቅቦ አለ? የለም። [እጁን ያነሣል] በሙሉ ድምፅ ጸድቋል! አሁን ደግሞ የበላኝ ነገር የለም።

አናጢው፦ ምክር ቤቱን በትኛለሁ!

ቀቢው፦ ትችላለህ?

አናጢው፦ አል... [ራሱን ያሻል] ኤጭ! እዚያኛው ሥርዓት ውስጥ ነው የሚበተነው። እዚህ እኔ አንተን አልበትንህም፣ አንተ እኔን አታወርደኝም።

ቀቢው፦ እኔማ ላወርድህ መቼ ፈለግሁ? ላወጣህ ነው እንጂ የፈለግሁት።

አናጢው፦ አንተ ተንኮለኛ! ከላይ ሆኜ ሳይ እንደሚያዞረኝ እያወቅህ!

ቀቢው፦ እግሬ ማበጡንስ አንተ አታውቅም ነበር? እየው ጋሼ፣ አሁን ቀልዱ ይቅር። ስም ሲታደል ከፊት ነህ፤ መሰላል ሲቆም ግን ሰው ፍለጋ ትዞራለህ። ሁላችሁም ሹሞች እንዲሁ ናችሁ! መሾም የሚጥማችሁ፣ መሥራት ለአሽከር የምትተዉ! እነዚያ ልጆች ነገ መሬት ላይ ሲቀመጡ ንግግር አድርገህ ታነሣቸዋለህ?

አናጢው፦ [ድምፁ ዝቅ ብሎ] መሾም የሚጥመኝ... እኔ... [ድንገት ተነቃቅቶ] ቆይ! ሦስተኛው አካል አለ! ፍርድ ቤት! አዋጁ ሕገ ወጥ ነው ብዬ እከስሃለሁ!

ቀቢው፦ ዳኛው ማን ነው?

አናጢው፦ ዳኛን ፕሬዚዳንት ያጫል፣ ምክር ቤት ያጸድቃል። [በጓሮ በኩል ወዳለው መኖሪያ ቤታቸው እያየ] እጩዬ ባለቤቴ ናት!

ቀቢው፦ ጸድቋል።

አናጢው፦ ምነው እንዲህ ቶሎ?

ቀቢው፦ እህቴ አይደለችም እንዴ! ለመሆኑ ከሾምካት በኋላ ፍርዷ ባይጥምህ ልታባርራት ትችላለህ?

አናጢው፦ አይቻልም፤ ዳኛ ነፃ ነው። ግን ምን ያስባርረኛል? አሥራ ስምንት ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት እኮ ናት! ታውቀኛለች!

ቀቢው፦ እኔም የምለው እሱኑ ነው።

[አናጢው ደረቱን ነፍቶ በጓሮው በር ይወጣል። ወዲያው ይመለሳል። የዝናብ ካፖርት ለብሷል፤ በአንድ እጁ መዶሻ፣ በሌላው የሚስማር ጣሳ ይዟል።]

ቀቢው፦ ክርክሩ ቶሎ አለቀ?

አናጢው፦ አልተከራከርንም። ገና «ጣሪያው» ስል ካፖርቱን አለበሰችኝ።

ቀቢው፦ ሌላ ምንም አላለችም?

አናጢው፦ «እስካሁን የት ነበርክ?» አለች። ይግባኝ የለውም።

[መሰላሉን ከበሩ ውጭ ጣሪያው ላይ አስደግፎ ያቆማል። ቆርቆሮውን ብብቱ ሥር ይዞ ሦስት እርምጃ ይወጣል፤ ይቆማል፤ ዓይኑን ይጨፍናል።]

አናጢው፦ አማቼ... አማችዬ! ያዝልኝ እንጂ! መቼም ሥልጣን ተለያይቷል ብለህ ልትፈጠፍጠኝ አይደለም?

ቀቢው፦ [እያነከሰ ሄዶ መሰላሉን በሁለት እጁ ይይዛል] አትፍራ። ምክር ቤት አስፈጻሚውን ይቆጣጠራል፤ ይኸው እግርህን እየተቆጣጠርኩ ነው። ወደ ታች አትይ፤ ሚስማሩን ብቻ እይ። ቆርቆሮውን ሳብ... እንደሱ! አሁን ምታ!

[የመዶሻ ድምፅ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ። በውስጥ ያለው ብርሃን ይጠባል፤ ቀዳዳው ይዘጋል። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ ይላሉ። ቀቢው በሩ ላይ ሆኖ ዴስኮቹን በዓይኑ ይቃኛል።]

ቀቢው፦ አንድም ጠብታ አልገባም! እጅህ ይባረክ፣ ጋሼ!

አናጢው፦ [ከላይ] እውነትህን ነው? አንድም?

ቀቢው፦ አንድም።

አናጢው፦ [ከላይ] ስማ፣ አማቼ። እኔ እስከ ዛሬ ምንም የማይገባህ ሰው ነበር የምትመስለኝ። ይህን ሁሉ ሕግ ከየት ተማርከው?

ቀቢው፦ ካንተው ነዋ! ሁልጊዜ ስታወራ እኔ እሰማለሁ። አንተም አንዳንዴ ራስህን ብትሰማ ኖሮ፣ ባልተወዳደርክ።