አማቴን አንድ ዓይና ያደረግሁ ለት

ማንበብ ደግ ነገር ነው፤ ጣጣው ያነበቡትን አለመርሳት ነው። ያነበበውን የረሳ ሰው ከጎረቤቱ ጋር በሰላም ይኖራል። የማይረሳው ግን ሰርግ ላይም ሆነ ለቅሶ ላይ «በነገራችን ላይ» ማለቱ አይቀርም። እኔ ፍኖተ ሰላም ታሪክ የማስተምር ሰው ነኝና ከየትኛው ወገን እንደሆንሁ እናንተው ፍረዱ። ሰሞኑን የያዘኝ አባዜ ደግሞ የመስቀል ጦረኞች ጎረቤት የነበሩት የአርመን ነገሥታት ናቸው።

ቡሬ አጠገብ፣ በባለቤቴ አገር፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕል ያሠሩት አማቴ አቶ ቢተው ሥራው ሳያልቅ አረፉ። እንደ ወጉ ከእመቤታችን እግር ሥር ሆነው ሲማጸኑ ይሣሉ ተባለ። እኔን ምን አቀበጠኝ? መነጽሬን አስተካክዬ፣ ስልኬን አውጥቼ ለሠዓሊው ለመሪጌታ አንድ የአርመን ንጉሥ ከነዘውዱ ተንበርክኮ፣ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ሲጸልይ አሳየኋቸው።

«እንዲህ አድርገው ይሣሉልን፤ የነገሥታት ወግ ነው» አልሁ።

መሪጌታ ስልኩን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። «መምህር፣ እርግጠኛ ነዎት?» አሉኝ።

የተማረ ሰው እርግጠኛ ካልሆነ ምኑን ተማረው!

የቤተ ክርስቲያኑ በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው የአቶ ቢተው ባለቤት እማማ ጥሩነሽ ሥዕሉን ሊያዩ ገቡ፤ አይተውም እዚያው መሬት ላይ ዘጭ አሉ። በኛ አገር ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ነው የሚያየን፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው። ይህን የማያውቅ ዲያቆን የለም። እኔ ግን አርመን ድረስ ስሄድ አጠገቤ ያለውን ግድግዳ አላነበብሁም ነበር። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» የሚባለው ለኔ ብጤው ነው።

«አንቱ መምህር» አሉኝ እማማ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፤ «አርባ ዓመት አብሬው ስኖር ክፉ ቃል ካፉ አልሰማሁም። ምን ቢበድልዎት ነው ከይሁዳ ጋር ያሰለፉት? በዚች አንድ ዓይኑ እያየኝ እኔ በዓሉን አልውልም።»

አፈርሁ። ስለ አርመን ነገሥታት ላስረዳ አፌን ከፈትሁ፤ ባለቤቴ አየችኝ፤ ዘጋሁት።

መሪጌታን እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንሁ። የሥዕሉን ፊት ፍቀው እንደገና ሣሉት። በበዓሉ ለት አቶ ቢተው በሁለት ትልልቅ ዓይኖቻቸው ሕዝቡን ሲያዩ ዋሉ። እማማ ጥሩነሽም «ተመስገን፣ ፊቱ ተመለሰልኝ» ብለው እልልታውን አቀለጡት።

እኔም ቀለል ብሎኝ የቀሩትን ሥዕሎች እየዞርሁ ሳይ፣ ጌታን ከሚገርፉት ወታደሮች መካከል አንድ ቀለሙ ገና ያልደረቀ ሰውዬ አገኘሁ። መነጽር አድርጓል፤ የሚታየው ግን አንዱ መስታወት ብቻ ነው። በእጁም ስልክ ይዟል።

ዞር ብዬ መሪጌታን አየኋቸው።

«የነገሥታት ወግ ነው» አሉኝ።