አንዲት ጥይት የቀረችው አክተር

የምነግራችሁ ነገር ቃል ያልተጨመረበት፣ ቃል ያልተቀነሰበት እውነት ነው። ሐሰት ከሆነ ያባቴ አጥንት ይፋረደኝ፤ ምላሴም እንደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ይድረቅ። ድሬዳዋ ውስጥ ሽብሩን የሚያውቅ ሁሉ፣ ሽብሩ ነገር ማጋነን እንደማይወድ ያውቃል። ይህንንም ያየሁት ተደብቄ አይደለም፤ ስልሳ ሰው በተቀመጠበት ድንኳን ውስጥ ነው። ስልሳ ያልኩት አሳንሼ ነው። ሦስት መቶ ይሆናል።

ትናንት እሑድ፣ በጓደኛዬ በይርዳው ሣልስት፣ በጠራራ ፀሐይ ሕልም አየሁ።

ተኛህ እንዳትሉኝ። እኔን የመሰለ ሰው ለቅሶ ቤት አይተኛም። ካርታ ከሚጫወቱት ሰዎች አጠገብ ወንበር ይዤ፣ ሐዘኔን ለብቻዬ ላዳምጠው ብዬ ዓይኔን ጨፈን አደረግሁ እንጂ። ካኮረፍኩም ከሐዘኑ ብዛት ነው።

ግን መጀመሪያ ይርዳው ማን እንደነበረ ልንገራችሁ። ያለዚያ ሕልሙ አይገባችሁም።

ልጆች ሳለን አባቴ የከተማው ሲኒማ ቤት ቀኝ እጅ ነበር፤ ፖስተሩን በየግድግዳው የሚለጥፈው እሱ ነው። ስለዚህም በየእሑዱ፣ ለቀኑ ፊልም፣ አንድ ሰው የምታስገባ ወረቀት ይሰጡታል። ወረቀቷ የኔ ነበረች። ሲኒማ ቤት ግን አንድ መጥፎ ልማድ አለው፤ መብራት ያጠፋሉ። እኔ ጨለማ ፈርቼ አይደለም፤ ዓይኔ ለብርሃን የተፈጠረ ስለሆነ ነው። በመጀመሪያው እሑድ መብራቱ ሲጠፋ ዓይኔን ላድን ብዬ ወጣሁ። እየጮኸ ወጣ የተባለው ሌላ ልጅ ነው።

ከዚያ ወዲያ ወረቀቷን ለይርዳው ሰጠሁት። ጎረቤቴና እኩያዬ ነው፤ ጨለማ አይፈራም። ጫማ ግን የለውም፤ በረኛው ደግሞ ባዶ እግር አያስገባም። ስለዚህ ጫማዬንም ሰጠሁት። «አቧራ እንዳይነካው በሩ ጋ ስደርስ አጠልቀዋለሁ» ይልና በእጁ አንጠልጥሎት ይሄዳል። እኔ ከሰፈራችን የኒም ዛፍ ሥር ባዶ እግሬን ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ። ፊልሙ ሲያልቅ ይመጣና ከሀ እስከ ፐ ይነግረኛል። መንገር አይባልም፤ ያሳየኛል። ፈረሱም እሱ ነው፣ ተኩሱም እሱ ነው፣ የምታለቅሰዋም ሴት እሱ ነው። ጫማዬን አንድም ቀን አቆሽሾት አያውቅም።

በዚህ መንገድ አራት ሺህ የካውቦይ ፊልም አይቻለሁ። ፊልሞቹ ርካሽ ነበሩ፤ እሱን አልክድም። ሁልጊዜ አንድ ከተማ፣ አንድ መጠጥ ቤት፣ አንድ ደረቅ ዛፍ ነው። ጠዋት ጥቁር የነበረው ፈረስ ከምሳ በኋላ ነጭ ይሆናል። ስድስት ጥይት የሚጎርሰው ሽጉጥ አሥራ ዘጠኝ ይተኩሳል። መጀመሪያ ላይ የተገደለው ሽፍታ ወደ ማለቂያው ደግሞ ይገደላል። ሲጀመር ጃክ የነበረው አክተር ሲያልቅ ጆኒ ነው። ይህ እንዴት ሆነ ብዬ ስጠይቀው ይርዳው ጫማዬን ይመልስልኝና፣ ገንዘብ አጥሯቸው ነው ይለኛል። እኔም ለፊልም ሠሪዎቹ አዝንላቸው ነበር። ለአንድ ሰው አንድ ስም እንኳ መግዛት ያቃታቸው ምስኪኖች።

በኋላ ዘመን ሀብታም ፊልምም አይቻለሁ፤ ቤቴ፣ በቴሌቪዥን፣ መብራት አብርቼ። ፈረሱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀለም ነው። ጥይቱ ይቆጠራል። ግን አንዱም አንጀቴን አልበላውም። በይርዳው ፊልም አክተሩ በረሃ ላይ ሲጠማው የኔ ምላስ ይደርቅ ነበር።

የመጨረሻውን ፊልም ግን አልጨረሰልኝም። አክተሩ ሽጉጡ ውስጥ አንዲት ጥይት ቀርታው ጎዳና መሃል ቆሟል። ፊት ለፊቱ ሰባት ሽፍቶች ቆመዋል። ነፋሱ ያፏጫል። እዚህ ላይ ስንደርስ ይርዳው ከቤታችን በር ላይ ቆመና «ቀሪውን ነገ» አለኝ። በማግስቱ አጎቱ መጥቶ ለሥራ ጅቡቲ ወሰደው። ሲመለስ ሁለታችንም ጢም አውጥተን ነበር። ባለ ጢም ሰው ደግሞ «ያ አክተር እንዴት ሆነ?» ብሎ አይጠይቅም። አርባ ዓመት ሆዴ ውስጥ ይዤው ኖርኩ።

ባለፈው ሐሙስ ሆስፒታል ልጠይቀው ስሄድ፣ ዛሬስ የፊልሙን መጨረሻ እጠይቀዋለሁ ብዬ ነበር። አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ከኩላሊቴ ስለወጣው ጠጠር ማውራት ጀመርኩ። የርግብ እንቁላል ያክላል አልኩት፤ ቀጥሎ የዶሮ አደረግሁት። እሱ ይስቃል፤ ሲስቅ ያመዋል። የጉብኝት ሰዓት አልቆ ነርሷ ስታስወጣኝ የሰጎን ላይ ደርሼ ነበር። «ቀሪውን ነገ» ብዬው ወጣሁ። ዓርብ ሊነጋ ሲል ሞተ።

እንግዲህ ሕልሙ።

ራሴን ደቻቱ አሸዋ ላይ አገኘሁት። ከወዲያ ማዶ አንድ ፈረስ ካውቦይ ጭኖ ሳይሆን ካውቦይ ላይ ተጭኖ መጣ። ፈረሱ ባርኔጣውን አነሳልኝና «ወንድሜ፣ ካውቦዬ ደክሞታል፤ ባቄላ የት ይሸጣል?» አለኝ። ወደ ላይ አመለከትኩት። ካውቦዩ በአራት እግሩ እያለከለከ አለፈ።

ከተማው ደረስኩ። ቤቶቹ ፊት ብቻ ነበሩ፤ ከኋላ በባሕር ዛፍ አጣና ተደግፈዋል። በር ስትከፍት እንደገና ውጭ ትወጣለህ። ባንኩ ደጅ ላይ ሽፍቶች ገንዘብ ሊያስቀምጡ ተሰልፈዋል፤ ሠራተኛው ሽጉጥ ደግኖ አልቀበልም ይላቸዋል። የተተኮሰ ጥይት ሁሉ ወደ ሽጉጡ እየተመለሰ ይቅርታ ይጠይቃል።

ከባንኩ አጠገብ ሲኒማ ነበር፤ ጣሪያ የለውም፣ ብርሃኑ ዓይን ይወጋል። ለኔ የተሠራ ነው ብዬ ገባሁ። ሸራው ላይ የኛ ሰፈር ይታያል። ካውቦዮቹ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ያያሉ። አንድ ሰው ሽንኩርት ገዝቶ ቤቱ ደረሰ። አንኳኳ። «ማነው?» አሉት ከውስጥ። «እኔ ነኝ» አለ፤ ተከፈተለት፤ ገባ። ፊልሙ ይኸው ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ካውቦይ እንባውን በመሐረቡ ጠረገ። ሥራቸው ሁልጊዜ ከከተማ ወጥቶ መሄድ ስለሆነ፣ የሚገባ ሰው አይተው አያውቁም አለኝ።

ስወጣ ከመጠጥ ቤቱ ጣሪያ አንድ ሰውዬ ተመትቶ ወደቀ። ተነሣ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ባርኔጣ ቀየረ፣ በመሰላል ወጥቶ እንደገና ወደቀ። በሦስተኛው ጊዜ አየር ላይ እንዳለ ሰላም አለኝ። እዚህ ከተማ የሚሞተው እሱ ብቻ እንደሆነና ሌላ ሟች ለመቅጠር አቅም እንደሌላቸው ነገረኝ።

«ስንት ጊዜ ሞትክ?» አልኩት።

«ዛሬ ነው ወይስ በጠቅላላው?» አለኝ። «መሞቱስ ይሁን። አንድ ድንኳን አልተተከለልኝም። አንድ ሰው እንኳ ‹ወይኔ› አላለኝም። ስወድቅ ሁሉም የሚያየው አክተሩን ነው።»

የእድራችን ሊቀ መንበር እኔ ነኝ፣ አባላችን አሥር ሺህ ነው፣ ከነገ ጀምሮ ተመዝግበሃል አልኩት። በርግጥ እኔ የእድሩን ወንበር ቆጥሬ የማስረክብ ነኝ፤ ቢሆንም ለሕልም ሰው ሹመት አይነፈግም። የሞተ ሰው መመዝገብ ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ለኔ ሲሉ ይመዘግቡሃል አልኩት። ደስ ብሎት ወደቀ።

ጎዳናው መሃል ስደርስ አየሁት። አክተሩ ነው።

እጁን ሽጉጡ ላይ አንዣቦ እንደቆመ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ። ጢሙ ሸብቷል፤ ባርኔጣው ላይ ወፍ ጎጆ ሠርታለች። ሰባቱ ሽፍቶችም ፊት ለፊቱ አርጅተዋል። አንዱ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ አንዱ ከዘራ ይዟል። አንደኛው በየተራቸው ውኃ እንደሚያጠጡት፣ ጥፍሩንም እንደሚቆርጡለት ነገረኝ፤ እጁን ከሽጉጡ ላይ ማንሳት አልተፈቀደለትማ። እግሩን ባየው ባዶ ነው። በግራ እጁ ግን አንድ ጥንድ ጫማ አንጠልጥሏል፤ ትንሽ፣ የልጅ፣ አቧራ ያልነካው። ገንዘብ አጥሯቸው ልኩን አልገዙለትም ብዬ በልቤ አዘንኩ።

«መጨረሻውን ይዘህ መጣህ?» አለኝ።

እዚህ ላይ አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ግን እኔ ነኝ፤ ምላሴ ከኔ ቀድማ ይዣለሁ አለች። አርባ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ እንዲያውም የጻፍኩት እኔ ነኝ አለች። ሰባቱም ዙሪያዬን ተሰበሰቡ። ባለ ከዘራው ጆሮውን አስጠጋ። አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው የነፋስ ፉጨት ብቻ ነው።

ማንም አልሳቀብኝም። አክተሩ ግድ የለህም አለኝ። ቀጥሎ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀኝ፤

«የሚነግረን ልጅ መቼ ነው የሚመጣው? ነገ ብሎ ነበር የሄደው።»

ሞተ ማለት አቃተኝ። በሕይወቴ ከዋሸሁት ሁሉ ትንሿን ውሸት ያኔ ዋሸሁ። «እየመጣ ነው» አልኩት።

ሽማግሌዎቹ ተሯሩጠው ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፣ አንዱ ያንዱን ትከሻ ከአቧራ አራገፈ። ባለ ከዘራው ከዘራውን ወርውሮ እየተንቀጠቀጠ ቀጥ ብሎ ቆመ። አክተሩ ጀርባውን አቀና። ሁሉም መንገዱን ማየት ጀመሩ።

«ጋሽ ሽብሩ፣ ንፍሮው እየፈሰሰብዎት ነው» አለኝ ካርታ የሚያድለው ሰውዬ።

ነቃሁ። ድንኳኑ እንደ ምድጃ ይፋጃል፤ ጭኔ ላይ ስንዴና ሽምብራ ተበትኗል። ተኝተህ ነበር እንዳይሉኝ ቶሎ ብዬ ሕልሙን ነገርኳቸው። ለናንተ እንደነገርኳችሁ ነው፤ ሽፍቶቹን ሰባ ከማድረጌ በቀር። ሰው ሐዘኑን ረስቶ ሳቀ። እኔም ጊዜው ይኸው ነው ብዬ ተነሣሁ። ይህን ፊልም ይርዳው በዓይኑ ያየው፣ እኔም በጆሮዬ ያየሁት ነው፤ ያኔ ሲኒማው ውስጥ የነበረ፣ መጨረሻውን የሚያስታውስ አንድ ሰው ካለ በሟች አምላክ ይንገረኝ፣ ይርዳው መቃብር ላይ ሄጄ እነግረዋለሁ አልኩ።

የይርዳው ታላቅ እህት እትዬ ፀዳለ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሦስት ቀን ስታለቅስ ድምጿ አልቋል።

«ሽብሩ» አለችኝ። «ይርዳው እኮ ሲኒማ ቤት ገብቶ አያውቅም።»

ካርታው ቆመ። እንዴት ይሆናል፣ ጫማዬን ሰጥቼው የለም ወይ አልኳት።

«ጫማህ አልገባው አለ። እግሩ ካንተ ይበልጥ ነበር።» ክፋት የለባትም፤ ደክሟት ነው የምትናገረው። «ከሲኒማው ኋላ ግድግዳው ሥር ጫማህን ታቅፎ ይቀመጣል። ተኩሱ ይሰማዋል። ሌላውን ከራሱ ፈጥሮ ነው። የሰዎቹን ስም እየረሳ ይቸገር ነበር።»

ለምን አልነገረኝም አልኩ።

«ከዛፉ ሥር ቁጭ ብለህ ትጠብቀው ነበራ።» ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «ያችን የመጨረሻዋንም ፊልም፣ እኔ ልብስ ሳጥብ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ‹ሰባት ናቸው፣ አንዲት ጥይት ነው የቀረችው፣ ምን ላድርገው?› ይለኝ ነበር። እኔ ምን አውቄ። ሐሙስም አንተ ከሆስፒታል እንደወጣህ ጠየቀኝ። ‹እትዬ፣ ሽብሩ ነገ ይመጣል፤ መጨረሻውን ምን ልበለው?›»