ከቅሬ የወጣሁ ሰሞን

ድሮ ሰው ከሰው ጋር ለመጣላት መገናኘት ነበረበት። ጠብ ይህን ያህል ክብር ነበረው! ጫማህን ታጠልቃለህ፣ ዳገቱን ትወጣለህ፣ የሰውየውን በር ታንኳኳለህ። እሱ ደግሞ የደሴ ሰው ነውና ብርዱን አይቶ «ግባ እንጂ፣ ደጅ ላይ ምን ያቆምሃል?» ይልሃል። ገብተህ እህል ከቀመስክ በኋላ ስድቡን ከየት ታመጣዋለህ? ስንቱ ጠብ እንዲህ በር ላይ ቀርቷል! ዛሬ ግን አልጋህ ላይ ተጋድመህ፣ ካልሲህን እንኳ ሳታወልቅ፣ አይተኸው የማታውቀውን ሰው እስከ ሰባት ቤቱ ሰድበህ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ትተኛለህ። ጠብ እንደ ዘንድሮ ረክሶ አያውቅም።

ግርማ እባላለሁ። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ውስጥ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። ሥራዬ በአብዛኛው ደንበኛ እስኪመጣ መቀመጥ ነው፤ ተቀምጦ የሚውል ሰው ደግሞ ስልክ ይጎረጉራል። እኔም ጎረጎርኩ። ምን አተረፍኩ? ፌስቡክ ላይ ዓለም በየጠዋቱ ስትጠፋ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንደገና ስትጠፋ አየሁ። ቲክቶክ ላይ ትናንት ስለ ኩላሊት ያስተማረን ሰው ዛሬ ስለ ትዳር ሲያስተምር፣ በማግስቱ ሁለቱንም ትቶ «ስጦታ ላኩልኝ» እያለ ሲለምን አየሁ። የሰው አባት ሞቶ «ነፍስ ይማር» ብሎ የጻፈው ወዳጄ፣ ጣቱ ሳይበርድ ከሥር ባለው ቪዲዮ በሳቅ ሲንከተከት አየሁ። ልቅሶና ሠርግ በአንድ ድንኳን! ቴሌግራሙማ አይነሳ። የሱቅ ጎረቤቶች ግሩፕ አለ፤ አብሮ አደጎች ግሩፕ አለ፤ የሚስቴ ዘመዶች ግሩፕ አለ፤ ከሚስቴ ዘመዶች መካከል የተኳረፉት የከፈቱት ሌላ ግሩፕም አለ። እኔ ገለልተኛ አገር ነኝና ሁለቱም ውስጥ አለሁ።

የቅሬያችንም ግሩፕ አለ። ለወሎ ሰው ቅሬ ምን እንደሆነ አይነገረውም፤ ለሌላው ግን እድር ከሚለው ጋር ይቀራረባል ልበል። የኛ ሰፈር ቅሬ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም የያዘ ነው፤ የነሱ ሰው ሲሞት እኛ አብረን እንቆፍራለን፣ የኛ ሲሞት እነሱ ድንኳን ይተክላሉ። በቅሬ ውስጥ ያለ ሰው ሲሞት ይቀበራል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ሰው ነው። የቅሬው ዳኛ ሸህ ይመር ናቸው፤ በመቁጠሪያቸውም በትዕግሥታቸውም የሚታወቁ አባት። ግሩፑ የተከፈተው ሞት እንዲነገርበት ነበር። ደጉ ነገር ሰፈራችን ብዙ አይሞትም፤ ክፉው ነገር፣ ሰው ካልሞተ ግሩፑ ሥራ ይፈታል። ሥራ የፈታ ግሩፕ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ።

ሰይድ የወጣትነት ጓደኛዬ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ነድቶ ጡረታ የወጣ፣ የሳቀ እንደሆነ እስከ ሦስተኛው ቤት የሚሰማ ሰው። አንድ ቀን ግሩፑ ላይ ከነዚያ «ይህን መልእክት ለሃያ ሰው ያስተላለፈ ደጃፉ በረካ ይገባል» ከሚሉት አንዱን ላከ። እኔም ቆንጠጥ የምታደርግ ቀልድ መሰለችኝና «ሰይዶ፣ መኪናውን ስታስረክብ ጭንቅላትህንም አብረህ አስረክበሃል እንዴ?» ብዬ ጻፍኩ። የሳቅ ምልክት ዘነበ። ሰይድ ግን አልመለሰም። እኔም ረሳሁት። ስድብን የሚረሳ ምንጊዜም ሰዳቢው ነው፤ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ይባል የለ?

በዚያው ሰሞን ሚስቴ ወርቄ ቁምሳጥን ስታጸዳ የድሮ ፊልም ሲዲዎች አገኘች። ከነሱ መካከል አንዱ፣ እኔና ሰይድ በቪዲዮ ቤት ዘመን አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣበን ያየነው የፍቅር ቀልድ ነበር። ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ልብስ ሰፊ፣ ለሌላ ሰው ልትዳር የተዘጋጀች ልጅ ይወዳል። የሙሽራ ቀሚሷን የሚሰፋው ደግሞ እሱ ራሱ ነው። ምን ያድርግ? ልኩን ያበላሻል። አንዴ ትከሻው ይጠባል፣ አንዴ ወገቡ ይሰፋል፤ ልጅቱ በየጊዜው ትመለሳለች፣ ሠርጉም ይገፋል። ፊልሙ ጥበብ ሞልቶት አይደለም። የሀብታሙ ቤት ሶፋና የድሃው ቤት ሶፋ አንድ ነው፤ ጨርቅ አልብሰውታል እንጂ። ድምፁም ከአፍ ቀድሞ ይደርሳል። ግን ምን ልበላችሁ፣ እኔና ወርቄ እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። በማግስቱ ደገምነው። «ያየኸውን ፊልም ምን ያሳይሃል?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ቀጥሎ የሚመጣውን ስለማውቀው ነዋ! በዚህ ዘመን ቀጥሎ የሚመጣውን ማወቅ ምን ያህል ዕረፍት እንደሆነ የማይገባው ሰው ስልኩን አጥፍቶ ይሞክረው። ልብስ ሰፊው ይናገራል፣ ልጅቱ ትቆጣለች፣ በመጨረሻ ይታረቃሉ። ማንም ኮሜንት አይጽፍበትም።

ታዲያ ልብስ ሰፊው ልቡን ሊነግራት አፉን ሲከፍት ስልኬ ጮኸ። ዝም አልኩት። እንደገና ጮኸ። ወርቄ በዓይኗ ገረመመችኝ። እኔም ንዴቴ እንደ ወተት ገነፈለና ስልኩን አንስቼ ካገኘሁት ግሩፕ ሁሉ ወጣሁ። ከአብሮ አደጎቹ ወጣሁ፣ ከሚስቴ ዘመዶች ወጣሁ፣ ከኩርፈኞቹም ወጣሁ። ስጨርስ ደረቴ ቀለለኝ፤ ከመታጠቢያ ቤት የወጣሁ ያህል ጸዳሁ።

በማግስቱ ሱቅ ስከፍት ሰላምታው ተቀየረ። ከአጠገቤ ጎማ የሚሸጠው ሰው «እንዴት አደርክ» ሲለኝ ድምፁ ውስጥ «አይ ያንተ ነገር» የሚል ነበረበት። ሌላዋ ባለሱቅ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ አየችኝና ሄደች። ጤናዬን ተጠራጠርኩ። ምሳ ላይ ወርቄ ቤቱን በእግሯ እያንቀጠቀጠች ገባች። ከቅሬ ወጥተሃል ወይ? አለችኝ። እኔ? ማን አለ? ሰው ሁሉ አይቶታል፤ «ግርማ ለቆ ወጣ» ይላል፣ ተጽፏል፣ ሸህ ይመርም አንብበውታል። ኧረ እኔ ከስልኩ ነው የወጣሁት፣ ብል ማን ይስማኝ! «ሌላ ሴት ጋር ሄደ ቢሉኝ ሽማግሌ እልክ ነበር» አለች ወርቄ። «ከቅሬ ለወጣ ሰው ሽማግሌ ከየት ይመጣል? ሽማግሌዎቹ ያሉት ቅሬ ውስጥ!» ነገሩ እውነት ነበረው። በኛ ደንብ ቅር ያለው ሰው ተነስቶ ቅሬታውን ለዳኛው ይናገራል እንጂ ዝም ብሎ አይወጣም። ዝም ብሎ የወጣ እንደሆነ ግን «ማነው ያስወጣው?» ተብሎ ይጠየቃል።

እሱንስ በአንድ ቃል ባስረዳሁ ነበር። ቀጥሎ የነገረችኝ ነው የባሰው። ሰይድ የለም። በሩን ቆልፎ ወደ ኮምቦልቻ ወርዷል። ሰፈሩ ሁለቱን ደምሮ ፈርዷል፦ እኔና ሰይድ በውስጥ መስመር የማይመለስ ነገር ተነጋግረናል፤ እኔ ከቅሬ ወጣሁ፤ እሱ ደግሞ ሰው ከቅሬ አስወጣ እንዳይባል በኀፍረት ሸሸ። ያኔ ያች ቆንጠጥ የምታደርግ ቀልዴ ትዝ አለችኝ። ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ። የዚያን ሰው ሳቅ ዳግመኛ ላልሰማው ነው ብዬ ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ ፈራሁ።

ካፖርቴን እንደለበስኩ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ስንወርድ ከአጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ቲክቶኩን ለሁላችንም ያሰማናል፤ እኔ ግን የይቅርታ ንግግሬን በልቤ አጠናለሁ። «ሰይዶ ወንድሜ፣ ሰው ሆኖ የማይሳሳት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም» ብዬ ጀምሬ፣ በመጽሐፍም በቁርኣንም አድርጌ፣ በጓደኝነታችን አበቃዋለሁ። ኮምቦልቻ ስደርስ ሙቀቱ ተቀበለኝ፤ ካፖርቱ ሸክም ሆነ፤ ከንግግሩም ግማሹ ከላቡ ጋር ወረደ።

የሰይድ ልጅ ፋጡማ ቤቷ ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም። ግቢ ስገባ ሰይድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የልጅ ልጁን ታቅፏል። «ወንድሜ!» ብዬ ስጮህ ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። አሁን ገና ነው የተኛችው፣ ቀስ በል አለኝ። እንግዲህ ያን የሚያህል ንግግር በሹክሹክታ! ተንበርክኬ «በድዬሃለሁ፣ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት። «የምኑን?» አለኝ በሹክሹክታ።

ለካ ሰውየው ምንም አያውቅም! ስልኩ ልብስ ማጠቢያው ውሃ ውስጥ ወድቆ ተበላሽቷል፤ የፋጡማ ሞግዚት ስለቀረች ልጅ ሊጠብቅላት ወርዶ ነው። ደሴ ሙሉ ያወቀውን ጠብ ያልሰማው የተጣላሁት ሰው ብቻ! እዚህ ላይ ብልህ ሰው ቢሆን «እንዲያው ልጠይቅህ ብዬ ነው» ብሎ ውሃ ጠጥቶ ይመለሳል። እኔ ግን ይቅርታ ልጠይቅ የሄድኩ ሰው ነኝ፤ ይቅርታው እንዲገባው ስድቡን ነገርኩት።

ተቀየመ። «ጭንቅላትህን አስረክበሃል?» አለ ቃል በቃል እየመዘነ። «እኔን? ሸህ ይመር ባሉበት?» ቀጥሎ የተናገረው ደግሞ ይበልጥ ወጋኝ። «ወላሂ ግርማ፣ ያንን የላኩት ላንተ ብዬ ነበር። ሱቁ ቀዘቀዘ ብለህ ያማረርክ ቀን ነው። በረካ ይገባል ይላል ጽሑፉ። አምኜበት አይደለም፤ ምናልባት ቢሆንስ ብዬ እንጂ።» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ።

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። መጽሐፉም ቁርኣኑም ጠፋኝ። «ሰይዶ፣ ካንተ ጋር ተኳርፌ ማርጀት አልችልም» አልኩት። «የልብስ ሰፊውን ፊልም እያየሁ እንኳ የምስቀው አንተ የምትስቅበት ቦታ ላይ ነው» አልኩት፤ ድምፄ ከሹክሹክታው አልፎ ኖሮ ልጅቱ ነቅታ ግቢውን በለቅሶ አናወጠችው።

ሰይድ ተነሳና ልጅቱን እላዬ ላይ አስቀመጣት። «አብሽር፣ ያዛት እንግዲህ፤ ካሣህ ይች ናት» አለኝ። ፋጡማ ከሥራ እስክትመለስ ስዞር ቆየሁ፤ ልጅቱ ካፖርቴ ላይ ሸናችብኝ፤ ያን ጊዜ ሰይድ ሳቀ። ያ ሳቅ! ኮምቦልቻም እስከ ሦስተኛው ቤት ይሰማል። ፋጡማ ገብታ ጉዳዩን ስትሰማ «በነቢ ይሁንባችሁ፣ ሽማግሎች አይደላችሁም እንዴ?» ብላ አፉ አባባለችን። ሰይድ ግን ወደ እኔ ዞሮ፣ «ፊልሙን ያለ እኔ ነው ያየኸው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ይሄኛውን አፉ ለማለት ማሰብ አለብኝ» አለና ከኔው ጋር ሚኒባስ ገባ።

ወደ ደሴ ስንወጣ ብርዱ እንደ ዘመድ ተቀበለን። ቤቴ ደጃፍ ስንደርስ ግን የተደረደረ ጫማ አየሁ። በአገራችን በር ላይ የበዛ ጫማ ለደግ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ናቸው። ወርቄ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ሸህ ይመር መምሬ ተገኘንና ሌሎችንም አስከትለው፣ ያስቀየመኝን ሊጠይቁና ወደ ቅሬዬ ሊመልሱኝ መጥተው ነበር። እስክመለስ ምን ታድርጋቸው? መክሰስ አቀረበች፣ ጨዋታው አለቀባት፣ ጨነቃትና ያችኑ ፊልም ከፈተችላቸው። ሸህ ይመር መጀመሪያ ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው ነበር አሉ፤ ቀሚሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠብ ጎናቸውን ሰጡት።

እኔ ይህን አላውቅም። የሰይድን እጅ እንደ ማስረጃ ጨብጬ፣ ንግግሬን አስተካክዬ በሩን ገፋሁ። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ልጅቱ ልብስ ሰፊው ሆን ብሎ ልኩን እንዳበላሸ ደርሳበት ጀርባዋን ሰጥታዋለች። መምሬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ሸህ ይመር ከሁሉም ቀርበው፣ ለስክሪኑ አንድ ክንድ ያህል ቀርቷቸው ተቀምጠዋል፤ መቁጠሪያቸው ከጣታቸው ላይ ቆሟል።

«ሸህ ይመር፣ እኔና ሰይድ ታርቀናል፣ ከቅሬም አልወጣሁም፣ ነገሩ…» ብዬ ስጀምር፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው አስቆሙኝ።

«ቆይ እስቲ ልጄ፣ የናንተ ይደርሳል» አሉ። «ተቀመጡ፤ መጀመሪያ እነዚህ ይታረቁ።»